የቻይና ባህላዊ ሕክምና ልጅ ለማግኘት በሕክምና ላይ ላሉ ሴቶች የሚሰጠውና የማይሰጠው

ልጅ ለማግኘት በሕክምና ላይ ያለች ሴት ወደ ቻይና ባህላዊ ሕክምና ስትሄድ ከሁለት ነገሮች አንዱን፣ አለዚያም ሁለቱንም ፈልጋ ነው። አንደኛው መፀነስ ነው። ሁለተኛው ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ ሳይሰበሩ መቆየት ነው። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ተመራማሪዎች አብዝተው የለኩት የመጀመሪያውን ሲሆን፣ ሴቶቹ ግን አኩፓንክቸር የሚባለው የቻይና የመርፌ ሕክምና ምን እንዳደረገላቸው ሲጠየቁ አብዝተው የሚያነሱት ሁለተኛውን ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ሲቀርቡ ሴቲቱ ገንዘቧን ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ጤናዋንም ልታጣ ትችላለች፤ ሕክምናው ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ ጥፋቱን በራሷ ላይ ታላክካለች። ስለዚህ ሁለቱን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ 17.5 በመቶ የሚሆኑ፣ ማለትም ከስድስት አንድ ያህል አዋቂዎች በሕይወት ዘመናቸው የመካንነት ችግር ያጋጥማቸዋል። ለብዙዎቹ የመጨረሻው አማራጭ እንግሊዛዊቷ ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1978 ከተወለደችበት ጊዜ ጀምሮ ዓለም ያወቀው፣ በተለምዶ አይቪኤፍ የሚባለው በላብራቶሪ የታገዘ ጽንስ ነው። በአንድ ዙር ሕክምና ሴቲቱ ከስምንት እስከ አሥራ አራት ቀን ያህል በየዕለቱ ሆዷ ላይ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ ብዙውን ጊዜም የምትወጋው ራሷን በራሷ ነው። በእነዚሁ ቀናት ለደም ምርመራና ለአልትራሳውንድ ትመላለሳለች። እንቁላሎቹ ሲደርሱ የመጨረሻው መርፌ ሰዓቱ ተቆጥሮ ይሰጣትና፣ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ በማደንዘዣ ሆና እንቁላሎቹ ይወሰዱላታል። በላብራቶሪ ከወንድ ዘር ጋር ተገናኝቶ ያደገው ጽንስ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ወደ ማህፀኗ ይገባል። ከዚያ በኋላ የደም ምርመራው ቀን እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ ነው። የታዘዘውን ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ከመውሰድ በቀር እሷም ሆነች ሐኪሟ ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነገር የለም።

ያ ሁለት ሳምንት ከሆርሞን መርፌውም ከማደንዘዣውም የበለጠ እንደሚከብድ በሕክምናው ያለፉ ሴቶች አዘውትረው ይናገራሉ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ አሊስ ዶማርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ መውለድ ያልቻሉ ሴቶች ላይ የታየው የጭንቀትና የድባቴ መጠን ከካንሰርና ከልብ ሕሙማን ጋር የሚቀራረብ ነበር። በስዊድን ደግሞ የሕክምናው ወጪ ተሸፍኖላቸው ሳለ የተፈቀደላቸውን ዙር ሳይጨርሱ ያቋረጡ ጥንዶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ ጎልተው ከወጡት መልሶች አንዱ የመንፈስ ጫናው ነበር። ገንዘብ ችግር ባልሆነበት ቦታ እንኳ ሰው የሚያቋርጠው አቅም አጥቶ ከሆነ፣ ያንን አቅም የሚያቆይ ማንኛውም እርዳታ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። የእኔም አቋም የሚነሳው ከዚህ ነው።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና መካንነትን የሚያይበት መንገድ ከዘመናዊው ሕክምና የተለየ ነው። በዚህ ትምህርት ኩላሊት ሽንት ከማጣራት በላይ የሆነ ሥራ አለው፤ ጂንግ የሚባለውን የመወለድ፣ የማደግና የመራባት ኃይል ያከማቻል። ጉበት ደግሞ በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል የሚባለውን የሕይወት ኃይል፣ ቺን፣ ሳይታገድ እንዲፈስ ያደርጋል። ማህፀን ቅዝቃዜ ከገባው ጽንስ አይዝም ተብሎ ይታመናል፤ እናቶቻችን «ብርድ ገብቷታል» ሲሉ ሰምቶ ላደገ አንባቢ ይህ ሐሳብ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። ሐኪሙ የሁለቱንም እጆች የደም ትርታ በሦስት ጣቶቹ ይዳስሳል፣ ምላስሽን አውጪ ብሎ ያያል፣ ከዚያም ስለ ወር አበባዋ መጠንና ቀለም፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ እግሯ መቀዝቀዝ፣ ስለ ንዴቷና ስለ ሐዘኗ ይጠይቃታል። ጥያቄዎቹ በሙሉ ከአንድ ሥርዓት የሚመነጩ ናቸው፤ አካልና ስሜት ተለያይተው አይታዩም።

ይህ አንድነት በጎ ጎን እንዳለው ሁሉ አደገኛ ጎንም አለው፤ ሁለቱም በአንድ ታሪክ ውስጥ ይታያሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ስመ ጥር የቻይና ሐኪም ፉ ሻን የመካንነት ምክንያቶችን ሲዘረዝር ቅናትን ራሱን የቻለ ምክንያት አድርጎ አስቀምጧል። ቅናት የጉበትን ቺ ያግዳል፣ ቺዋ የታገደ ሴትም ጽንስ አትይዝም የሚል ነው ትምህርቱ። ለዚህ ያዘዘው የዕፅዋት ውህድ ስሙ ሲፈታ «የታፈነውን ከፍቶ ጄድ የሚተክል» እንደ ማለት ነው፤ ጄድ ቻይናውያን አብዝተው የሚወዱት የከበረ ድንጋይ ነው። ባለጠጋ ባል ከሚስቱ ሌላ ቁባቶችን በሚያስቀምጥበት ዘመን፣ አንድ ሐኪም የሴትን የውስጥ ሕመም ከሕክምና መዝገብ ማስገባቱ ትልቅ ነገር ነበር። በዚያው ልክ ግን ያልወለደችበት ምክንያት ከእሷው ስሜት ላይ ተጣለ። «አትጨነቂ፣ ስትተዪው ይመጣል» የሚለው ዛሬ በየቤቱ የሚሰማ ምክርም ያንኑ ክስ ይዞ የሚመጣ ነው።

ክሱን የሚያፈርስ ጥሩ ማስረጃ አለ። ጃኪ ቦይቪንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባሳተሙት ትንተና 3,583 ሴቶች የተካተቱባቸውን 14 ጥናቶች አንድ ላይ አገናዝበው ነበር። ሴቶቹ የጭንቀት መጠናቸው የተለካው አንድ ዙር ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት ሲሆን፣ በኋላ ያረገዙትና ያላረገዙት ሲነጻጸሩ በፊት በነበራቸው ጭንቀት ልዩነት አልታየባቸውም። ስለዚህ አልቅሳ የገባችው ሴት በዚያ ዙር የማርገዝ ዕድሏ ተረጋግታ ከገባችው አላነሰም። ይህን ውጤት አንዲት ሴት ሕክምና ከመጀመሯ በፊት በግልጽ ሊነግሯት ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቱም መጨነቅ በራሱ የሚያስጨንቃት ብዙ ናት። ከዚሁ ጋር ደግሞ ማንኛውም ባለሙያ «ጭንቀትሽን ቀንሼ አስረግዝሻለሁ» ሲላት የሚሸጥላት ነገር መሠረት እንደሌለው ታውቃለች።

ወደ መርፌው እንምጣ። አኩፓንክቸር በአይቪኤፍ ዙሪያ ሲሰጥ በብዛት የሚታወቀው ጽንሱ በሚገባበት ቀን የሚደረገው ነው። አልትራሳውንዱ ማህፀንን አጥርቶ እንዲያሳይ ሴቲቱ ውኃ ጠጥታ ፊኛዋን ሞልታ እንድትመጣ ታዝዛለች። በጀርባዋ ትተኛለች፤ ባለሙያው ቆዳዋን በአልኮል ጠርጎ እንደ ጸጉር የቀጠኑ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ መርፌዎችን ያስገባል። አንዱ ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል በሁለቱ ጅማቶች መካከል፣ ሌላው በእግር አውራ ጣትና በጎረቤቱ ጣት መካከል ካለው ቦታ ወደ ላይ፣ ሌላው ከጉልበት በታች በውስጥ በኩል፣ ሌሎች በታችኛው ሆድ ግራና ቀኝ፣ አንዱም በአናቷ መሐል ይገባሉ። ሲገቡ እንደ ደም መስጫ መርፌ አያምሙም፤ ባለሙያው ጥቂት ሲያዞራቸው ግን የመክበድ፣ የመደንዘዝ ወይም የመወጠር ስሜት ይመጣል፤ ቻይናውያን ይህን ስሜት «ቺ ደረሰ» ይሉታል። መብራቱ ይደበዝዛል፣ በሩ ይዘጋል፣ ስልኳ ከእጇ ይወሰዳል፣ 25 ደቂቃ ያህልም ማንም ሳይነካት ትተኛለች። ጽንሱ ከገባ በኋላ መርፌዎቹ በሌሎች ነጥቦች ላይ ተደርገው ሌላ 25 ደቂቃ ትቆያለች።

ይህ ሥርዓት የተወሰደው ቮልፍጋንግ ፓውሉስ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ካሳተመው ጥናት ነው። 160 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ መርፌ ተደረገላቸው፣ ግማሾቹ አልተደረገላቸውም። ከተወጉት 42.5 በመቶ፣ ካልተወጉት ደግሞ 26.3 በመቶ አረገዙ። ወሬው በዓለም ዙሪያ ተዛመተ፤ ብዙ የመውለጃ ሕክምና ማዕከላትም የመርፌ ባለሙያ ቀጠሩ ወይም በአጠገባቸው አስቀመጡ። ነገር ግን ጥናቱ አንድ ትልቅ ክፍተት ነበረበት። ያልተወጉት ሴቶች እንዳልተወጉ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው መርፌው ይሁን ሌላ ነገር መለየት አይቻልም ነበር።

ክፍተቱን ለመሙላት የማስመሰያ መርፌ ተሠራ። ይህ መርፌ ጫፉ ደነዝ ሆኖ ቆዳ ሲነካ ወደ እጀታው ውስጥ ይገባል፤ ሴቲቱ የመወጋት ስሜት ይሰማታል፣ መርፌው ግን አልገባም። በሆንግ ኮንግ 370 ሴቶችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት በዚህ መሣሪያ ተጠቅሞ ያገኘው ውጤት ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን ሳያስገርም አልቀረም፤ የእውነቱን መርፌ ካገኙት የእርግዝና ምርመራቸው አዎንታዊ የሆነው 43.8 በመቶ ሲሆኑ፣ የማስመሰያውን ካገኙት ግን 55.1 በመቶ ነበሩ። ሰባት ጥናቶችን አገናዝቦ እ.ኤ.አ. በ2008 ለመርፌው መስክሮ የነበረው ትንተናም፣ ያው መሪ ተመራማሪ በ2013 ተጨማሪ ጥናቶችን አክሎ ሲደግመው በጥቅሉ ልዩነት አላሳየም።

ክርክሩን ወደ መቋጫው ያደረሰው በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ በ848 ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የካሮላይን ስሚዝና የባልደረቦቿ ጥናት ነው። ሴቶቹ መርፌ ያገኙት እንቁላሎቻቸው በሚያድጉበት ጊዜና ጽንሱ በሚገባበት ቀን ነበር። የተለካውም ጉዳዩ የሚመለከታት ሴት በእርግጥ የምትፈልገው ነገር ነው፤ የእርግዝና ምርመራ ሳይሆን በሕይወት የተወለደ ልጅ። እውነተኛው መርፌ ከተደረገላቸው 18.3 በመቶ፣ የማስመሰያው ከተደረገላቸው 17.8 በመቶ ወለዱ። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የማይለይ ነው። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ በቻይና በራሷ እንቁላል በሰዓቱ እንዳይለቀቅ የሚያደርገው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ባለባቸው 1,000 ሴቶች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ታትሞ ነበር። ይህ መርፌውን የፈተነው ከአይቪኤፍ ጋር ሳይሆን እንቁላል እንዲለቀቅ ከሚረዳው ክሎሚፊን ከተባለው ክኒን ጋር ነው። ክሎሚፊን ከወሰዱት 28.7 በመቶ ሲወልዱ፣ ካልወሰዱት የወለዱት 15.4 በመቶ ነበሩ። መርፌው እውነተኛ ሆነም አልሆነ ለውጥ አላመጣም። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ጽንስ በሚገባበት ጊዜ የሚደረግ አኩፓንክቸር የሚወለዱ ሕፃናትን ቁጥር እንደማይጨምር አስፍሯል።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ነገሩ ከንቱ ነው» ሊል ይችላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ከላይ ያሉት ቁጥሮች የመለሱት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ዶማርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የጽንስ ማስገቢያው ቀን መርፌ የተደረገላቸው ሴቶች ካልተደረገላቸው በላይ አላረገዙም፤ ነገር ግን ከሕክምናው በኋላ ጭንቀታቸው ያነሰ፣ ተስፋቸውም የተሻለ እንደነበር ተናግረዋል። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሌላ አነስተኛ ጥናት 32 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው፣ አንዱ ወገን በስምንት ሳምንት ውስጥ ስድስት ጊዜ መርፌ ሲያገኝ ሌላው ተራ ጠበቀ። መርፌ ያገኙት ከመካንነት ጋር በተያያዘ ከሰው ጋር በሚኖራቸው ግንኙነትና ከባለቤታቸው ጋር ባላቸው ኑሮ የሚሰማቸው ጫና ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው አገር ሴቶች በቃለ መጠይቅ ሲጠየቁ፣ መርፌው የሰጣቸውን ነገር የገለጹት በመርገብና ለመቋቋም የሚሆን ጥንካሬ በማግኘት ነው። አንዳንዶቹ እርግዝና ባያገኙም በመሄዳቸው አልተጸጸቱም።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ መሆን ያስፈልጋል። ተራ ስትጠብቅ ከነበረች ሴት ጋር ሲነጻጸር ማንኛውም እንክብካቤ የሚያገኝ ሰው የተሻለ ስሜት ይሰማዋል፤ ስለዚህ እፎይታው የመጣው ከመርፌው ጫፍ ነው ወይስ ከተሰጣት ጊዜና ትኩረት ለማለት እነዚህ ጥናቶች አይበቁም። በእኔ ግምት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ትኩረቱ ነው። የመውለጃ ሕክምና ማዕከል ውስጥ ሐኪሙ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንቁላል የሚያድግባቸውን ከረጢቶች መጠን በሚሊሜትር ለክቶ፣ የመድኃኒቱን መጠን ጽፎ ወደ ቀጣዩዋ ታካሚ ይሄዳል። ሥራው ስለሆነ አይወቀስበትም። በመርፌ ባለሙያው ዘንድ ግን ሴቲቱ እንዴት እንዳደረች ትጠየቃለች፤ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ አማቷ ንግግር፣ በሥራ ቦታ ስለምትደብቀው ቀጠሮ ታወራለች፤ ከዚያም ተሸፍና ትተኛለች። በየዕለቱ ሰውነቷ እየተለካና እየተወጋ ለሚውል ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጉዳዩ ላይ ከሚሠሩት አንዳንዶች «ፕላሴቦ ብቻ ነው»፣ ማለትም የሚሠራው በእምነት ነው፣ ብለው ሲያጣጥሉት ይሰማል፤ እንቅልፍ ያጣች ሴት ብትተኛ፣ ዙሩን ልታቋርጥ የነበረች ብትቀጥል፣ እፎይታው በየት በኩል እንደመጣ ለእሷ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ለዋጋውና ለተስፋው ቃል ግን የመጀመሪያ ጥያቄ መሆኑን አልክድም። እፎይታ በእፎይታ ዋጋ፣ በእፎይታ ስም ይሸጥ፤ በልጅ ስም ከተሸጠ ማታለል ነው።

ዕፅዋቱ ከመርፌው ተለይተው መታየት አለባቸው። በጥንቃቄና በንጹሕ መርፌ የሚሠራ አኩፓንክቸር ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የመርፌው ቦታ ይበልዛል፣ ጥቂት ደም ይወጣል፣ አንዳንዷ ሴት ትደነግጣለች ወይም ራሷን ያዞራታል። ዕፅዋት ግን በአፍ ገብተው በጉበትና በኩላሊት የሚያልፉ መድኃኒቶች ናቸው። አንድ የተለመደ የሐኪም ትእዛዝ አሥርና ከዚያ በላይ የደረቁ ሥሮች፣ ልጣጮችና ፍሬዎች ይኖሩታል። በሸክላ ድስት በውኃ ይዘፈዘፋሉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንተከተካሉ፣ ውኃው ተጠልሎ ዕፅዋቱ ዳግመኛ ይቀቀላሉ፤ ጥቁር፣ መራራና አፈር አፈር የሚሸት ፈሳሽ ሆነው ጧትና ማታ ይጠጣሉ። ዛሬ ይህን የሚተካ ዱቄት በከረጢት ታሽጎ በኢንተርኔት ይሸጣል፤ አደጋው የሚበረታውም በዚህ መንገድ ሲገዛ ነው፣ ምክንያቱም በውስጡ ያለውን ሁሉ በውጭ የተጻፈው ጽሑፍ ላይናገር ይችላል።

የቤልጂየሙ ታሪክ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያች አገር ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅዋት የተቀላቀለበት ክኒን የወሰዱ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ ወደ ኩላሊት እጥበትና ንቅለ ተከላ ደረሱ፣ አንዳንዶቹ በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ምክንያቱ በቻይንኛ ስማቸው የሚመሳሰሉ ሁለት ዕፅዋት መምታታታቸው ነበር። የገባው ተክል አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ ያለበት ነው። ሴቶቹ የሄዱት ሐኪም ወዳለበት ክሊኒክ እንጂ ወደ ጉልት ሻጭ አልነበረም።

ለአይቪኤፍ ታካሚ ደግሞ የተለዩ ስጋቶች አሉ። ለቁርጥማት የሚታዘዘው ሌይ ጎንግ ቴንግ የተባለው ሐረግ የወር አበባን የሚያቆምና እንቁላል የሚያመነጨውን አካል የሚጎዳ መሆኑ በሚገባ ይታወቃል፤ መውለድ የምትፈልግ ሴት ልትቀርበው አይገባም። ለሴቶች በብዛት የሚታዘዘው ዳንግ ጉዊ የተባለው ሥር ከደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል፤ አስፕሪን ወይም ሄፓሪን የታዘዘላቸው የአይቪኤፍ ታካሚዎች ጥቂት አይደሉም። ደም ያንቀሳቅሳሉ የሚባሉትን ዕፅዋት እርጉዝ እንዳትወስዳቸው ራሱ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ይከለክላል፤ ችግሩ ጽንሱ ከገባበት ቀን አንሥቶ እስከ ምርመራው ድረስ እርጉዝ መሆኗንና አለመሆኗን ማንም አለማወቁ ነው።

ለእኛ አንባቢዎች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ ሁሉም «ዕፅዋት» ዕፅዋት አይደሉም። ደም ይገነባል፣ ጽንስ ያጸናል ተብሎ ከሚታዘዙት አንዱ ኢጂያዎ ነው፤ የሚሠራውም የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ከሚወጣ ሙጫ ነው። በቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በነዋሪዎች ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲዘጋ የተደረገበትና የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ የአህያን ቆዳ ንግድ ለ15 ዓመት ለማገድ የተስማሙበት ምክንያት ከዚሁ ሙጫ ጋር የተያያዘ ነው። የአጋዘን ቀንድም በአንዳንድ ውህዶች ይገባል። የሰው እንግዴ ልጅ ደግሞ ደርቆ ለመካንነት ሲታዘዝ የኖረ ሲሆን፣ ከቻይና ኦፊሴላዊ የመድኃኒት መዝገብ የወጣው በ2015ቱ እትም ነው። ጾምና የተከለከለ ምግብ የሚያሳስባት ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ሴት ውህዱ ውስጥ ምን እንዳለ በዝርዝር መጠየቅ መብቷ ነው።

በቻይና ሁለቱ ሕክምናዎች ጎን ለጎን ይሰጣሉ። በዋናው የቻይና ምድር የመጀመሪያው የአይቪኤፍ ሕፃን እ.ኤ.አ. በ1988 በቤጂንግ የተወለደ ሲሆን፣ ቤጂንግ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ጀምሮ 16 የመውለጃ ሕክምና አገልግሎቶችን በመሠረታዊው የጤና መድን መሸፈን ጀምራለች። ጧት በሆርሞን ክፍል ደሟን የሰጠች ሴት ከሰዓት ወደ ባህላዊው ሐኪም መሄዷ የተለመደ ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመንግሥት የአይቪኤፍ አገልግሎት አለ፤ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ደግሞ የቻይና ሐኪሞች ቡድኖች የመርፌ ሕክምና ሲሰጡ ቆይተዋል። በእስራኤል ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል በዚያች አገር ሕግ መሠረት ሁለት ልጅ እስኪወልዱ ድረስ አይቪኤፍ በጤና መድን የሚሸፈንላቸው አሉ፤ ብዙ ዙር የሚያሳልፉ በመሆናቸው ስለ አቅም ማቆያ መንገዶች ማወቅ ለእነሱ ይበልጥ ይጠቅማል።

መርፌውን ለመሞከር የወሰነች ሴት መጀመሪያ ማወቅ ያለባት ለአይቪኤፍ ሐኪሟ ማሳወቅ እንደሚኖርባት ነው። በእኛ ዘንድ የባህል መድኃኒት የሚወሰደው በድብቅ ነው፤ አንዳንዷ ሐኪሙ ይቆጣኛል ብላ፣ አንዳንዷ ደግሞ ማረገዟ በሰው ዓይን እንዳይከሽፍ ፈርታ ትደብቃለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ዕፅዋት የምትወስድ ከሆነ የውህዱን ስም ዝርዝር ጽፋ መያዝ፣ የሆርሞን መርፌው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሟን ማማከር፣ ሐኪሟ ካላወቀው ደግሞ ማቆም ይሻላል። ሆዷ ቢነፋ፣ ትንፋሽ ቢያጥራት ወይም ሽንቷ ቢቀንስ ይህ የእንቁላል ማነቃቂያው መድኃኒት የሚያስከትለው ከባድ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ የምትሄደው ወደ መርፌ ባለሙያው ሳይሆን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ጊዜውም ሊታሰብበት ይገባል። ሴቶቹ ጽንስ በሚገባበት ቀን ከማዕከሉ ወጥተው ወደ ሌላ ቦታ እየተጓዙ መርፌ በተደረገላቸው አንድ የአሜሪካ ጥናት ምንም ጥቅም አልታየም። ፊኛዋ ሞልቶ፣ ቀጠሮዋ እያሳሰባት በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው የምትሮጥ ሴት የምታገኘው እፎይታ ከምትከፍለው ድካም ያነሰ ነው። አገልግሎቱ እዚያው ማዕከሉ ውስጥ ካልተሰጠ፣ ያን ቀን ትቶ በሆርሞን መርፌው ሳምንታት ወይም በጥበቃው ሁለት ሳምንት መሐል በተመረጠ ጸጥ ያለ ቀን መሄድ ይመረጣል። ወጪው ከከበዳት ደግሞ አለመሄዷ የልጅ ዕድሏን አንዳች አይቀንስም። በመውለጃ ሕክምና ያለፉ ሴቶች የሚገናኙበት ቡድን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ምክር፣ ወይም ሳትጠየቅ የምታዳምጣት አንዲት እህት ያንኑ ሥራ ሊሠሩላት ይችላሉ። ባለቤቷም በጥበቃው ቀናት ቤት ውስጥ አብሯት ቢሆንና ለዘመድ አዝማድ ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ቢሆን፣ ከሸክሙ ብዙ ያቃልልላታል።